«ድሪፕ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ግስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ድሪፕ»ን «ፈሰሰ» ብዬ ብተረጉመው ስሕተት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ግሱ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ መውረዱን እንጂ ሳይቋረጥ መፍሰሱን አይገልጽም። በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ሌሊት ከሥሩ የተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ጠብ ሲል፣ ቀጣዩ ጠብታ እስኪወርድ ያለው ዝምታም የትርጉሙ አካል ነው። ዝምታው ጠፍቶ ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ከወረደ «ትሪክል» ይባላል፤ «ፈሰሰ» ለሚለው የሚቀርበው «ፍሎው» ነው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ውኃውም ቧንቧውም «ድሪፕ» ሲያደርጉ አንብቤአለሁ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም። አማርኛ ውኃው «ይንጠባጠባል»፣ ቧንቧው ግን «ያንጠባጥባል» እያለ በግሱ ቅርጽ ሲለያቸው፣ እንግሊዝኛ ግሱን እንዳለ ትቶ ባለቤቱን ብቻ ይቀይራል። ቀለም ቀቢው ቀለሙን ወለል ላይ ካንጠባጠበም ግሱ ያው ነው፤ ተሳቢው ከኋላው ይከተላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ «አንጠባጠበ» ላይ ያለውን የእኛን «አ» ፍለጋ «ሜክ»ን («አደረገ») የሚጨምሩ ተማሪዎች አሉና፣ እዚህ ግን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ «ዘ ታፕ ድሪፕስ» እና «ዘ ታፕ ኢዝ ድሪፒንግ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው የቧንቧውን አመል፣ ሁለተኛው አሁን የሚታየውን ይናገራል። የእኛ «ያንጠባጥባል» ሁለቱንም ስለሚሸከም ልዩነቱ በቀላሉ ያመልጠናል። ጠጋኝ ለመጥራት ስልክ የሚደውል ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ።

ጥያቄ፦ በኃላፊ ጊዜ «ፒ» የተባለው ፊደል ለምን ይደገማል?

መልስ፦ አንድ ብቻ ከሆነ አንባቢው «ድራይፕት» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ቤትም፣ ስለ አለባበስ ሲወራም ቃሉን እሰማለሁ። ግንኙነት አላቸው?

መልስ፦ የሐኪም ቤቱ ግንኙነት ግልጽ ነው። እኛ በልማድ «ግሉኮስ» የምንለው፣ ጠብ ጠብ እያለ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ በብሪታንያ «ድሪፕ» ሲባል፣ አሜሪካውያን «አይ ቪ» ማለትን ይመርጣሉ። የአለባበሱ «ዘናጭ አለባበስ» ማለት ሲሆን፣ ከአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ወጣቶች የተስፋፋ የአራዳ ቋንቋ ነውና በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ባይገባ ይሻላል። በላብ የተጠመቀን ሰው ግን ያለ ሥጋት «ድሪፒንግ ዊዝ ስዌት» ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች «ድሪፒንግ» ዳቦ ላይ ይቀባሉ የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ቃሉ ስም ሆኖ፣ ሥጋ ሲጠበስ ተንጠባጥቦ የሚጠራቀመውን ስብ ያመለክታል።