ጥያቄና መልስ፦ ከሞተርሆም ኋላ የታሰረች መኪና

ክረምቱ የሽርሽር ነውና የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉ ከአሜሪካ፣ ሁሉም መኪናን ከሞተርሆም (ውስጡ መኝታና ማብሰያ ካለው ቤት መሰል ትልቅ መኪና) ኋላ አስሮ ስለ መጎተት ናቸው።

«መኪናዋ እንደታሰረች ወደ ኋላ መሄድ እችላለሁ?»

አትችልም። የመጎተቻው ብረት ይጣመማል። ፈትተህ ሂድ።

አንዲት እናት የ2018 አውቶማቲክ ኮሮላቸውን በአራት ጎማዋ መጎተት አስበዋል፤ «ኒውትራል ካደረግኳት ምን ትሆናለች?» ይላሉ።

ካምቢዮዋ ይቃጠላል፣ እናቴ። ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮው ዘይት አይዘዋወርም፣ ጎማው ግን ውስጡን እያዞረው ነው። የፊት ጎማዎቿን የሚያነሳ ተጎታች ይፈልጉ።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ የጻፈው ደግሞ ጂፕ ራንግለሩን አስሮ ዩታ ውስጥ ያለችው ሞአብ ድረስ ወርዷል። ጂፑ ውስጥ ሹፌሩ እግር ቦታ ተቀምጣ፣ ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ የጂፑን ፍሬን ፔዳል የምትረግጥ ሳጥን አለችው። ሲደርስ ጂፑ አልነሳም አለ፤ ባትሪው ሞቷል። አማቹ «ሳጥኗን ጣላት፣ የሞተርሆሙ ፍሬን ይበቃል» ብሎታል።

አማችህን አክብረው፣ ምክሩን ግን ተወው። የሞተርሆሙ ፍሬን የተሠራው ለራሱ ክብደት ነው፤ አንተ 4,000 ፓውንድ ገደማ ጨምረህበት ተራራው ላይ ካለው አይዘንሃወር ቶኔል ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ ያን ቁልቁለት ትወርዳለህ። እዚያ እንደ ዓባይ በረሃ ሹፌሮች በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ሳጥኗም ታስፈልግሃለች።

ባትሪህን የጨረሰው ግልጽ ነው። ሳጥኗ በረገጠች ቁጥር ከጂፑ ባትሪ ትበላለች፣ የፍሬን መብራቱም አብሮ ይበራል፣ መሪው እንዳይቆለፍ ብለህ ቁልፉን ከፍተህ ትተኸዋል፣ የጂፑ ሞተር ደግሞ ጠፍቷል፤ ማን ቻርጅ ያድርገው? እኔን ያስጨነቀኝ ግን አለመነሳቱ አይደለም። ጂፑ መንገድ ላይ ከሞተርሆሙ ቢበጠስ፣ ከሞተርሆሙ ጋር የታሰረች ሽቦ ጂፑ ላይ ያለ ፒን ትነቅላለች፣ ሳጥኗም ፍሬኑን ትይዛለች። በየትኛው ባትሪ? በዚያው በሞተው! ከሲልቨርቶርን ወዲያ በስንተኛው ማይል ላይ እንደሞተ አታውቅም፤ ምናልባት ግማሹን መንገድ ያለ ፍሬን ነው የጎተትከው።

መፍትሔው ከሞተርሆሙ ወደ ጂፑ ባትሪ የሚሄድ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፊውዝ ያለው የቻርጅ መስመር ነው። ይህን ሞተርሆም የሚሠራ ባለሙያ ይዘርጋልህ። ሬዲዮ የሚገጥምልህ ጓደኛህ አይንካው፣ ደግሜ እላለሁ፣ አይንካው፤ በቀጭን ሽቦ እሳት ይነሳል። ከዚያ ነዳጅ ለመቅዳት በቆምክ ቁጥር በቮልት መለኪያ እየው፤ ከ12 በታች ካነበበ ጉዞ የለም። ከመውጣትህ በፊትም ግቢህ ውስጥ ፒኑን ነቅለህ ፔዳሉ መረገጡን አረጋግጥ።

«ያለዚህ ፍሬን ፖሊስ ይይዘኛል?»

እንደ ስቴቱ ነው። ብዙዎቹ ተጎታች ከ3,000 ፓውንድ ሲያልፍ ፍሬን ይላሉ፣ ካሊፎርኒያ ከ1,500 ጀምሮ። ዝርዝሩን የስቴትህን ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

የመጨረሻው፦ «አሥር ማይል ሳንሄድ ከኋላ ጎማዋ ጭስ ወጣ፣ ሳጥኗ ተበላሽታ ይሆን?»

ፍሬናማኖውን አልፈታችሁም።