ከ154 ድል በኋላ የመጣው ማግሥት

ውድ ወጣት ስፖርተኞች፣

የተጎዳ ጉልበትና ትከሻ በማከም ዕድሜዬን የገፋሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወደ እኔ የምትመጡት አብዛኞቻችሁ ከሕመሙ ይልቅ የምትፈሩት መረሳትን መሆኑን ከተረዳሁ ቆይቻለሁ፤ «መቼ ነው የምጫወተው?» የሚለው ጥያቄያችሁ አንዳንዴ ከሰላምታችሁ ይቀድማል። ስለዚህ ስለ ፈረንሣዊው የጁዶ ተፋላሚ ስለ ቴዲ ሪነር ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሪነር በጓዴሎፕ ተወልዶ በፓሪስ ያደገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ገና በ18 ዓመቱ በከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2010 ቶኪዮ ላይ በዳኞች ውሳኔ የፍጻሜ ፍልሚያ ከተሸነፈ በኋላ ግን ለአሥር ዓመታት ያህል የሚጥለው ጠፍቶ 154 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ጃፓናዊው ያሱሂሮ ያማሺታ 203 ፍልሚያ ሳይሸነፍ ስፖርቱን የተሰናበተ በመሆኑ፣ ተመልካቹ ሪነር ይህን ቁጥር ይደርስበት እንደሆነ መቁጠር ያዘ።

እኔን የሚደንቀኝ በዚህ ቁጥር መካከል ያለው ዝምታ ነው። በ2017 መገባደጃ ማራካሽ ላይ አሥረኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ካገኘ በኋላ፣ ዝናው ጫፍ በደረሰበት በዚያ ወቅት፣ እስከ 2019 አጋማሽ ድረስ ለውድድር አልቀረበም። እናንተ ሦስት ሳምንት ዕረፉ ስትባሉ ፊታችሁ እንዴት እንደሚጠቁር ስለማውቅ፣ ይህን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ።

ሽንፈቱም መጣ፤ በ2020 በገዛ ከተማው፣ በሚያጨበጭብለት ሕዝብ ፊት፣ ጃፓናዊው ኮኮሮ ካጌውራ አሸነፈው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ሦስተኛ ተከታታይ የግል ወርቁን ሲጠብቁለት በሩብ ፍጻሜው ተሸንፎ በነሐስ ተወሰነ። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ ሰውነት በማግሥቱ ምን ያህል እንደሚከብድ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ፤ የሞራሉን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። እሱ ግን በማግሥቱ ከወንዶችና ከሴቶች በተውጣጣው ቡድን ውስጥ ተሰልፎ፣ ፈረንሣይ ጃፓንን 4 ለ 1 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች።

በ2024 ፓሪስ ላይ ከቀድሞዋ ፈረንሣዊት ሯጭ ከማሪ ጆዜ ፔሬክ ጋር የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ ዓለም ሁሉ ተመለከተው። በ35 ዓመቱ የግል ወርቁን አግኝቶ በማግሥቱ ለቡድን ፍጻሜ ቀረበ፤ ፈረንሣይና ጃፓን 3 ለ 3 ሲሆኑ የመጨረሻውን ተፋላሚ የሚወስነው ዕጣ በእሱ ሚዛን ላይ ወደቀ። ቀደም ሲል በዚያው ፍጻሜ እሱ ራሱ ከረታው ከወጣቱ ጃፓናዊ ታትሱሩ ሳይቶ ጋር እንደገና ሊፋለም ወደ ምንጣፉ ሲመለስና ደግሞም ሲጥለው፣ አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ የማየው ጉልበቶቹን ነበር።