የጎተራ አይጥና የጠፈር አይጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎተራችን አይጥ ሞልቶታል። ለጠፈር ምርምር ለምን ልዩ አይጥ ይገዛሉ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ የጎተራ አይጥ በሽታ ትይዛለች፤ አንዷም ከሌላዋ በዘር ትለያለች። ሲ57ብላክ6 የሚባለው የላብራቶሪ ዝርያ ግን ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ስለተዳቀለ ሁሉም እንደ መንታ ነው። ስለዚህ በሁለት ቡድን መካከል ልዩነት ከታየ ከዘር መጣ ብሎ መጠራጠር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ክብደት በሌለበት እንዴት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ? (መምህር፣ ከወልድያ)

መልስ፦ መምህር፣ ምግቡ ፍርፋሪው እንዳይንሳፈፍ ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይሠራና ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ አይጧ እየጋጠች ትበላዋለች። ውሃው ግፊት ካለበት ከረጢት በትንሽ የብረት ጡት ይመጣል፤ የሚከፈተው ጫፉን በአፏ ስትነካው ብቻ ነው። በሽቦ ወንፊቱ ላይ በጥፍሯ ትቆናጠጣለች። ሽንቷንና ቆሻሻዋን የማያቋርጥ ነፋስ ወደ ማጣሪያ ይነዳዋል።

ጥያቄ፦ በሕይወት ይመለሳሉ? ግፍስ አይሆንም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ እውነቱን መሸፈን አይገባም። በአንዳንድ የናሳ ጉዞዎች አይጦቹ እዚያው በማደንዘዣ ይገደሉና አካላቸው በቅዝቃዜ ተይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሩሲያው ቢዮን-ኤም1 ሳተላይት 45 አይጦችን ለ30 ቀን ይዞ ሄዶ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው፤ አንዱ ምክንያት የምግብ ማቅረቢያው መበላሸቱ ነበር። በ2016 ጃፓኖች ያመጠቋቸው 12 አይጦች ግን ከ35 ቀን በኋላ ሁሉም በሕይወት ተመለሱ። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ አይጦቹ ከሚኖሩበት ሳጥን፣ ከጎጆው ነው። አይጧን ለረሃብ የሚዳርግ ጎጆ ሠርቶ መላክ ግፍ ነው፤ ውጤቱም ስለ ጠፈር ሳይሆን ስለ ረሃብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ክብደት ማጣት በአካል ላይ የሚያመጣውን ያለ ሮኬት ደሴ ላይ ማጥናት ይቻላል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ዘዴው አይጧን በጅራቷ አንጠልጥሎ የኋላ እግሯን ከሸክም ማሳረፍ ነው። መጀመሪያ ከእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አውጡ፤ ልምድ ያለው ሰውም አብሯችሁ ይቁም። ጅራቷን አጽድታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ፕላስተሩን በሁለቱ ጎን በርዝመቱ ለጥፉ። ዙሪያውን አትጠምጥሙ፤ ደም ይዘጋል። ፕላስተሩን በሚሽከረከር ማያያዣ ከጎጆው በላይ ከተጋደመው ዘንግ ጋር አያይዙት። ሰውነቷ 30 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቆ በፊት እግሮቿ እንደልቧ ትራመዳለች። የኋላ እግሯ ተዘርግቶም ቢሆን ወለልም ግድግዳም አይንካ፤ ግድግዳ እየረገጠች ከከረመች የሁለት ሳምንት ልፋት ከንቱ ነው። ሽቅብ ስለማትደርስ ምግቡን ወለል ላይ፣ ውሃውን ዝቅ አድርጉላት።

በየቀኑ መዝኗት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሷ የተለመደ ነው፣ ኮሚቴው ከፈቀደው ካለፈ ግን አውርዷት። የጅራቷን ጫፍ እዩ፦ ሮዝ ከሆነ ደህና፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ፍቱት።

ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የሌሊት ብርድም አትናቁ። አይጥ የሚስማማት ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በእድገት ላይ ያለችን አይጥ አጥንት ብርድ ብቻውን ያሳሳል። የማሞቂያ መብራት ሲቋረጥ ያደረ ክፍል ሙከራውን ያበላሻል።

ለማነጻጸሪያ የሚያዙት ያልተንጠለጠሉ አይጦችም ፕላስተር ይለጠፍላቸው፣ ለየብቻ ይቀመጡ፣ ያንኑ ምግብ ይብሉ፤ የሚለዩት ባለመንጠልጠላቸው ብቻ ይሁን። ጃፓኖች ከ12ቱ 6ቱን እዚያው ጠፈር ላይ በሚሽከረከር መሣሪያ የምድርን ያህል ክብደት የሰጧቸው ለዚሁ ነው፤ ጨረሩም የማስወንጨፉ ድንጋጤም ለሁሉም እኩል ስለሆነ የሚቀረው ልዩነት የክብደት ነው።

ጥያቄ፦ ለሕመምተኛ የጠቀመ ነገር አለ? (ነርስ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የጠፈር ተጓዥ በወር ከዳሌው አጥንት 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካው ኢንደቨር መንኩራኩር 24 አይጦች ሲላኩ ግማሾቹ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለ የአጥንትን መበላት የሚገታ ፕሮቲን ተሰጥቷቸው ነበር። በ2010 የጸደቀው የአጥንት መሳሳት መርፌ ዴኖሱማብ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ ከዚያ በረራ ብቻ ተወለደ ማለት ግን ስህተት ነው።