ውቅያኖስን ከሐረጎ ቁልቁለት ጀምራችሁ ተማሩ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፣

ሰባቱን አህጉራትና አምስቱን ውቅያኖሶች መሸምደድ ለፈተና ይጠቅማል፤ አትሸምድዱ አልልም። ችግሩ ብዙዎቻችሁ እዚያው ላይ መቆማችሁ ነው። ውቅያኖስ ሲባል ሩቅ አገር ያለ ብዙ ውሃ፣ አህጉር ሲባል ካርታ ላይ በቀለም የተለየ ቁራጭ ይመስላችኋል። እናንተ ግን የሌላው አገር ተማሪ በሥዕል ብቻ የሚያየው ቦታ ላይ ነው የምትኖሩት። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደው ቁልቁለት የአንድ አህጉር ጠርዝ ነው። ከግርጌው የተዘረጋው ዝቅታ ደግሞ ውቅያኖስ ወደመሆን እያመራ ያለ መሬት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከዚህ ቁልቁለት ጀምሩት፤ በእጃችሁም ሳሉት።

አሣሣሉ ይኸውላችሁ። አንድ ግራፍ ወረቀት ወደ ጎን አጋድሙ። አግድሙን መስመር ለርቀት፣ ቋሚውን ለከፍታ አድርጉ። ለርቀት 1 ሴንቲ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር፣ ለከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር በ500 ሜትር ያዙ። የዜሮውን መስመር ከገጹ መሐል ከፍ አድርጋችሁ አስምሩ፤ ከሥሩ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ደሴን 0 ኪሎ ሜትር ላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻን 12 ኪሎ ሜትር ላይ 1,850 ሜትር፣ ባቲን 43 ኪሎ ሜትር ላይ 1,500 ሜትር፣ ሚሌን 125 ኪሎ ሜትር ላይ 500 ሜትር አድርጋችሁ ነጥብ አኑሩ። ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት ይበዛል። የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ርቀት መጠቀም ነው። አስፋልቱ ሐረጎ ላይ ስለሚጠማዘዝ ከደሴ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በቀጥታ መስመር ግን 12 ገደማ ነው። ሁለተኛው ነጥቦቹን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ማገናኘት ነው። በመካከል ሸለቆም ጉብታም አለ፤ 1፡50,000 ካርታ ካገኛችሁ በየ2 ኪሎ ሜትሩ፣ ማለትም በየ4 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከኮንቱሩ (እኩል ከፍታን ከሚያያይዘው መስመር) ላይ ከፍታውን አንብባችሁ ጨምሩ። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ከፍታው መለጠጡን መርሳት ነው። 10,000 ሜትርን ለ500 ሜትር ስታካፍሉት 20 ይመጣል፤ ሥዕላችሁ ከፍታውን 20 እጥፍ አጋኖታል ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ገደል የሚመስለው መውረጃ በእውነቱ በ125 ኪሎ ሜትር 2,000 ሜትር ነው፤ ከ100 ሜትር 1.6 ሜትር፣ በማዕዘን ከ1 ዲግሪ በታች። መጽሐፍ ውስጥ ያሉት የውቅያኖስ ወለል ሥዕሎችም እንዲሁ የተለጠጡ ናቸው። ስንት እጥፍ እንደሆነ በጠርዙ ካልተጻፈ፣ ሥዕሉን ለቅርጽ ተመልከቱት እንጂ ቁልቁለት አትለኩበት።

አሁን በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ስኬል፣ ሁለት መስመር ጨምሩ። የዓለም የብስ አማካይ ከፍታ 840 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዜሮው በላይ 1.7 ሴንቲ ሜትር። የውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዜሮው በታች 7.4 ሴንቲ ሜትር። ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁ እዩት። መሬት ሁለት ወለል አላት፤ አንዱ ከባሕር ጠለል ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሌላው እጅግ የጠለቀ። ከሁለቱ መካከል ባለው ከፍታ ላይ የሚገኘው ስፋት ትንሽ ነው። ጂኦግራፊ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አላውቅም፤ ለምን ሁለት ሆነ?

መልሱ ድንጋዩ ላይ ነው። የአህጉር ቅርፊት ባብዛኛው ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው፤ ጥግግቱም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ገደማ ነው። የውቅያኖስ ቅርፊት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ባዛልት የሚባል ጥቁር አለት ስለሆነ ወደ 3 ግራም ይጠጋል። ወፍራምና ቀላል ግንድ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ አህጉርም ከሥሩ ባለው ትኩስና ከባድ አለት ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቀጭኑና ከባዱ ዝቅ ይላል። ውሃው የመጣው በኋላ ነው፤ ዝቅ ያለውን ሞላው። ስለዚህ የአህጉር መጨረሻ የባሕር ዳርቻ አይደለም። ከዳርቻው አልፎ በአማካይ ከ65 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ጥልቀቱ ከ130 እና 140 ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት የለሽ ባሕር አለ፤ እሱም አህጉር ነው። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

«እኛም የምንረግጠው ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ታዲያ ለምን ከፍ አልን?» የሚል ጎበዝ ይኖራል። አብሽሩ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። የወሎ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአህጉር ቅርፊት ላይ እየፈሰሰ የተደራረበ ነው፤ ከሥሩ ያለው ወፍራሙ አሮጌ ቅርፊት አልጠፋም። አፋር ውስጥ ግን ያው ቅርፊት ተስቦ ተስቦ ሳስቷል፤ ሰሜኑ ላይ ውፍረቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ከሳሳ ዝቅ ይላል። ደናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ጂቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ 155 ሜትር በታች ሆኖ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ቀይ ባሕር ከ100 ሺህ ዓመታት በፊት ደናክልን አጥለቅልቆት ነበር፤ የኮራሉ ቅሪት ዛሬም በዳርቻው ይታያል። አያቶቻችሁ ለገበያ የተጠቀሙበት አሞሌ ጨው የሚቆረጠው ከዚያ ሜዳ ነው።

የመለያየቱ ፍጥነት አፋር ላይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሥራው ግን በእኩል ዕለታዊ እርምጃ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ ማግማ (ከመሬት ሥር ያለ የቀለጠ አለት) 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር አለያይቶታል፤ ይህ በአብዛኛው የሆነው ከመሬት በታች ነው። አስሉት፤ 800 ሴንቲ ሜትርን ለ2 ብታካፍሉ 400 ዓመት ነው። ለ400 ዓመት የተጠራቀመ ውጥረት በሳምንታት ተለቀቀ። በየጊዜው «ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው» የሚሉ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ ሲመጡ ይህን ስሌት አስታውሱ። መከፈሉ እውነት ነው፤ ጊዜው ግን የሚቆጠረው በሚሊዮን ዓመታት ነው። እናንተን የሚነካችሁ ውቅያኖሱ ሳይሆን መንቀጥቀጡ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ማጀቴን አፍርሷል፤ ያ ደግሞ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ከድንጋይና ከጭቃ ያለ ማሰሪያ የተገነባ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ የምትኖሩ፣ አልጋችሁን ከግድግዳው ሥርና ከከባድ መደርደሪያ አርቁ።

ፕሮፋይል፣ ማለትም እንዲህ ያለ የከፍታ ሥዕል፣ መሣል የልጅ ሥራ የሚመስለው ካለ፣ ሜሪ ታርፕን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሌሎች በመርከብ የለኩትን የአትላንቲክ ጥልቀት እየተቀበለች፣ ልክ እናንተ እንዳደረጋችሁት ነጥብ በነጥብ ትሥል ነበር። ሴት በመሆኗ ያኔ መርከቡ ላይ እንድትወጣ አይፈቀድላትም ነበር። ስድስት ፕሮፋይሎችን ጎን ለጎን ስታደርድር፣ በውቅያኖሱ መሐል ባለው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ በሁሉም ሸለቆ አገኘች። የሥራ ባልደረባዋ መጀመሪያ አልተቀበላትም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ነጥቦች ተሰብስበው በዚያው ሸለቆ ላይ ሲያርፉ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሰንሰለቱ ዓለምን ሲዞር 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል እንዴት እንደሆነ ማሳየት አልቻለም ነበር፤ መልሱ ያለው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው። አዲስ ወለል በዚያ ይወለዳል፤ ስለዚህም ነው የውቅያኖስ ወለል ከ180 ሚሊዮን ዓመት ብዙም የማይበልጠው፣ የአህጉር ድንጋይ ግን እስከ 4 ቢሊዮን ዓመት የሚደርሰው።

ወደ ውሃ ልመለስ። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የደሴ ዝናብ ውቅያኖስ ሳያይ አፋር ላይ ይተናል ማለት ነው። ከኩታበር ወዲያ በምዕራብ የወረደው ግን በበሽሎ ወደ አባይ፣ በአባይ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ካርታ ላይ ይህን ውሃ የሚለያይበትን ሸንተረር በእርሳስ ተከትላችሁ አስምሩት። ደንቡ አንድ ነው፤ መስመሩ ወንዝ አይቆርጥም። ከቆረጠ ተሳስታችኋል።

ስለ ስልክ ካርታ ጥቂት። ብዙዎቹ የሚሠሩት በመርካቶር ዘዴ ስለሆነ ከምድር ወገብ የራቀውን ያገዝፋሉ። ደሴ ላይ ርዝመቱ የሚለጠጠው 2 ከመቶ ብቻ ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ግን ርዝመቱ 2 እጥፍ፣ ስፋቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ካርታውን ሳታቀርቡና ሳታርቁ ከደሴ ወደ ኖርዌይ ጎትቱትና ከታች ያለችውን የስኬል መስመር ተመልከቱ፤ ያው ርዝመት የሚወክለው ኪሎ ሜትር ወደ ግማሽ ሲወርድ ታያላችሁ። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል የምትመስለው በዚህ ነው፤ እውነቱ ግን 2.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ለ30.3 ሚሊዮን ነው፤ አፍሪካ 14 ጊዜ ትበልጣለች። ርቀትን ራሳችሁ አስሉ። ከደሴ አሰብ የኬክሮስ ልዩነቱ 1.87 ዲግሪ ነው፤ በ111 ስታባዙት 207.6 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ 3.1 ዲግሪ ነው፤ በ111 ካባዛችሁ በኋላ በ0.978 (የ12 ዲግሪ ኮሳይን) አባዙት፤ 336.5 ይሆናል። በፓይታጎረስ 395 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ኮሳይኑን የረሳ ተማሪ 402 ያገኛል። እዚህ ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ አውሮፓ ላይ ግን ያዋርዳል።

ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራት) ለምትማሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። የድሮዎቹ የአገራችን ቶፖግራፊ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ከደረባችሁ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ወንዙ ተዳፋት ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። በአዲንዳን የተሠራውን በኢፒኤስጂ (የመለኪያ ሥርዓቶች መለያ ቁጥር) 20137፣ የጂፒኤሱን በ32637 አስገቡ፤ ሁለቱም ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ናቸው፤ ደሴም ኮምቦልቻም እዚያ ውስጥ ናቸው። በዲግሪ ባለ ፋይል ላይ ደግሞ ስፋት አታስሉ።

የቁጥር አለመግባባት አያስደንግጣችሁ። አንዱ አትላስ አትላንቲክን 85 ሚሊዮን፣ ሌላው 106 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይለዋል፤ ልዩነቱ ሜዲትራኒያንን የመሳሰሉ ተጓዳኝ ባሕሮች መቆጠራቸው ነው። አውሮፓና እስያም በኡራል የተለዩት በልማድ ነው እንጂ በመካከላቸው ውቅያኖስ የለም።

በመጨረሻ፣ ውቅያኖስ እርሻችሁ ድረስ የሚመጣበትን መንገድ እወቁ። የበልጉ እርጥበት በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ የክረምቱ ከሕንድ ውቅያኖስም፣ ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩልም ይመጣል። ኤልኒኖ የሚባለው የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓሲፊክ ገጽ ለወራት ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ያኔ የሰሜኑና የምሥራቁ ኢትዮጵያ ክረምት ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈልጓል። ኤልኒኖ ሁልጊዜ ድርቅ ያመጣል ብላችሁ ግን አትናገሩ። የወቅቱ ትንበያ ሲወጣ ሦስት ቁጥር አለው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። «ከመደበኛ በታች 40 ከመቶ» ከተባለ፣ የቀረው 60 ከመቶ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ገበሬ ዘመዳችሁ ዘር ሊመርጥ ሲጠይቃችሁ ትልቁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ንገሩት፤ ማሽላውን ትቶ በቶሎ የሚደርስ ዘር ልዝራ አልዝራ የሚለውን እሱ ከእናንተ በላይ ያውቃል።