«አፈ ጉባኤ» ለማን ይባላል? ሲበዛስ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የኢትዮጵያን ፓርላማ ጉባኤ የመሩ ሰዎችን ዝርዝር ከተማሪዎቼ ጋር አዘጋጅተን ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ነው። ርእሱን «የኢትዮጵያ ፓርላማ አፈ ጉባኤያት ከንጉሡ ዘመን እስከ ዛሬ» አልነው። ሐረር የሚያስተምር ባልደረባዬ አይቶት ሦስት ነገር ነቀፈ፤ «አፈ ጉባኤያት አይባልም፤ የንጉሡ ዘመን ሰዎች አፈ ጉባኤ አልነበሩም፤ ሴቶቹን ደግሞ አንድ ቦታ ‹ተመረጠች›፣ ሌላ ቦታ ‹ተናገሩ› ብላችኋቸዋል» አለኝ። ልክ ነው ወይስ አብዝቶታል?

መልስ፦ ባልደረባዎ በሦስቱም ልክ ናቸው። በመካከል ካነሡት ልጀምር። ሌሎቹ ሁለቱ የሰዋስው ጉድለቶች ናቸው፤ እሱ ግን የዝርዝሩን እውነትነት ይነካል።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻልም ሁለቱ ስሞች ቀጠሉ፤ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ድምፅ መመረጥ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የእነዚህ ምክር ቤቶች መሪ የሚጠራው «ፕሬዚዳንት» ተብሎ ነበር። ልዑል አስራተ ካሳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ በዚያው ስም ይዘውት እስከ አብዮቱ ዋዜማ ቆዩ። የታሪክ መምህር ስለሆኑ ይህን ለተማሪዎችዎ ማንሣት ይወዱ ይሆናል፦ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ ሰዎች ቦታ የተለዋወጡ ያህል ነበር፤ አቢይ ከኤርትራ አገረ ገዥነት ወደ ሕግ መወሰኛው ሲመጡ፣ አስራተ ከሕግ መወሰኛው ተነሥተው ወደ ኤርትራ ሄዱ።

ስለዚህ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቢይ አበበ» ብሎ መጻፍ፣ በዘመኑ ያልነበረ የሹመት ስም ለሰውየው መስጠት ነው። ስህተቱ የሚመጣው «አፈ ጉባኤ»ን የሥራ ዓይነት መጠሪያ አድርጎ ከማሰብ ነው። የሥራው ዓይነት ጉባኤ መምራት ነው፤ «አፈ ጉባኤ» ግን ሥራው በአንድ ዘመን የተጠራበት የሹመት ስም ነው። በፌዴራል ደረጃ ዛሬ የምናውቀው አፈ ጉባኤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ላይ የቆመ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የፌዴሬሽን ምክር ቤትም አፈ ጉባኤና ምክትል አፈ ጉባኤ እንደሚመርጡ የደነገገው እሱ ነው። በመካከል ያለው የ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ፣ 835 አባላት የነበሩት፣ ለራሱ አካል እንኳ ከ«ምክር ቤት» የተለየ ስም የመረጠ ነው። የዚያን ዘመን ሹመት ሲጽፉ ቃሉን ከዘመኑ ነጋሪት ጋዜጣ እንዳለ ይውሰዱ እንጂ ከዛሬው አያልብሱት።

ለጠቅላላው ርእስ ሁሉንም የሚያቅፍ አነጋገር ያስፈልግዎታል። «ሰብሳቢዎች» ቢሉ ከቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ይደባለቃል። «ሊቃነ መናብርት» ቢሉ ደግሞ ከደርግና ከፓርቲ አመራር ጋር የተያያዘ ትዝታ ይጎትታል። እኔ የምመርጠው በጥያቄዎ መግቢያ ራስዎ የተጠቀሙበትን ነው፤ «የኢትዮጵያን ፓርላማ ጉባኤ የመሩ ሰዎች»። ከዚያ በታች በየስሙ አጠገብ የዘመኑን የሹመት ስም ይጻፉ፤ ለፊተኞቹ «ፕሬዚዳንት»፣ ከ1987 ወዲህ ላሉት «አፈ ጉባኤ»።

ቃሉ ራሱ የተሠራበት መንገድ የብዙ ቁጥሩን ጥያቄም ይፈታልናል። «አፈ ጉባኤ» በግእዝ የማናበብ ሥርዓት፣ ማለትም ሁለት ስሞችን ያለ «የ» በማያያዝ፣ የተሠራ ነው። «አፍ» ከሚከተለው ስም (ከዘርፉ) ጋር ሲናበብ ሳድሱ «ፍ» ወደ መጀመሪያው ፊደል «ፈ» ይለወጣል፤ «ቤት» በ«ቤተ ክርስቲያን»፣ «ርእስ» በ«ርእሰ መምህር» እንደሚለወጡት። ትርጉሙ የጉባኤው አፍ ማለት ነው። የቅርጹ ታላቅ ወንድም «አፈ ንጉሥ» ነው፤ በንጉሡ ስም የሚፈርደው ከፍተኛ ዳኛ የንጉሡ አፍ ይባል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ።

በሁለቱ መካከል ግን ብዙዎች የማያስተውሉት ልዩነት አለ። አፈ ንጉሥ ማዕረግ ስለሆነ ከስም ጋር ይጣበቃል፤ ነሲቡን ዛሬም «አፈ ንጉሥ ነሲቡ» እንላቸዋለን። አፈ ጉባኤ ግን የሥራ ዘመን ያለው ሹመት ነው፤ ሲያበቃ ከስሙ ይለያል። ስለዚህ ዳዊት ዮሐንስን «አፈ ጉባኤ ዳዊት ዮሐንስ» ብሎ እንደ ዘላቂ ማዕረግ ከመጻፍ «አቶ ዳዊት ዮሐንስ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ከ1987 እስከ 1998 ዓ.ም.» ማለት ይሻላል። «የቀድሞ አፈ ጉባኤ የነበሩት» የሚለው ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ ወይ «የቀድሞ አፈ ጉባኤ» ይበሉ፣ ወይ «አፈ ጉባኤ የነበሩት»።

የጉባኤ መሪን ከአፍ ወይም ከንግግር ጋር ማያያዝ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት የመሪው ስም «ተናጋሪው» ማለት ነው። በዚህ ስም መጀመሪያ የተመዘገበው ቶማስ ሀንገርፎርድ ነው፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1377 ነበር። ሥራው የምክር ቤቱን ቃል ወደ ንጉሡ ማድረስ ነበር። በ1642 ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ አምስት አባላትን ሊይዝ ምክር ቤቱ ድረስ ሲገባ፣ የዚያ ጊዜው መሪ ዊልያም ሌንታል ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር በዚህ ስፍራ የሚያይበት ዓይንም የሚናገርበት አንደበትም እንደሌለው ነገረው። የ«አፈ ጉባኤ» ፍቺም ይኸው ነው፤ አፉ የጉባኤው ነው፣ የራሱ አይደለም። ቃሉን ከ«ቃል አቀባይ» የሚለየውም ይህ ነው፤ ቃል አቀባይ የላከውን ወገን መልእክት ያስተላልፋል፣ አፈ ጉባኤ ግን ጉባኤውን ይመራል፣ የመናገር ዕድልም ይሰጣል። ሕገ መንግሥታችን ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ሳለ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን የሰጠው ለአፈ ጉባኤው ነው።

አሁን ወደ ብዙ ቁጥሩ። ሰዎች «አፈ ጉባኤያት» የሚሉት ግእዝኛ ስለሚመስልና ስለሚከብድ ነው። ነገር ግን በግእዙ ስሌት ሲታይ የበዛው ጉባኤ ነው እንጂ አፉ አይደለም፤ የብዙ ጉባኤዎች አንድ አፍ ማለት ይሆናል። በግእዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚበዛው የፊተኛው ቃል ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን» «አብያተ ክርስቲያናት» የሚሆነው ለዚህ ነው፣ «ቤተ ክርስቲያናት» አይባልም። «ርእሰ መምህራን»ም በዚሁ ወጥመድ የገባ ነው፤ የመምህራን አለቃ የሚሆን አንድ ሰው እንጂ ብዙ አለቆች አይደለም። በ«አፈ ጉባኤ» ላይ ግን የፊተኛውን በግእዝ አብዝቶ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ እኛ ቃሉን እንደ አንድ የአማርኛ ስም ወስደነዋል። ስለዚህ የአማርኛውን የብዙ ቁጥር ምዕላድ «ዎች» መጨረሻው ላይ መቀጠል ነው፤ አፈ ጉባኤዎች። ምክትሎቹም «ምክትል አፈ ጉባኤዎች» ይሆናሉ፤ «ምክትሎች አፈ ጉባኤዎች» አይባልም።

አጻጻፉን በተመለከተ «ጉባዔ» እየተባለ በዐይኑ «ዔ» ሲጻፍ ይታያል። ግንዱ «ገብአ» ነው፤ «ተጋብአ» ሲል ተሰበሰበ ማለት ነው፣ የአማርኛው «ገባ»ም ከዚያው ነው። አሌፉ «አ» ከግንዱ ስለመጣ «ጉባኤ» ይጻፉ። ሁለቱን ቃላት ለያይተው ይጻፉ፤ ሰሌዳው ላይ ግን «አፈ» በመስመር መጨረሻ ቀርቶ «ጉባኤ» ወደ ታች እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፣ ከሩቅ የሚያነብ ልጅ ይሳሳታል። ቦታ ጠቦዎት ካሳጠሩ «የም/ቤቱ ም/አፈ ጉባኤ» የሚለውን ይሽሹ፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ የመጀመሪያው «ም» ምክር፣ ሁለተኛው ምክትል ነው።

ስለ ሴቶቹ ሹማምንት። በአማርኛ አክብሮት ሲገባ ግሡ ጾታን ያጣል፤ «ተመረጡ»፣ «ከፈቱ»፣ «ተናገሩ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ጾታው የሚቀረው በስሙ ላይ ነው፤ «አፈ ጉባኤው»፣ «አፈ ጉባኤዋ»። «አፈ ጉባኤዋ ስብሰባውን ከፈቱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንዳንዱን አርታዒ ያስደነግጠዋል፣ «ዋ» እያለ «ቱ» እንዴት ይመጣል እያለ ግሡን «ከፈተች» ያደርገዋል። ምንም ችግር የለበትም፤ የመጀመሪያው ጾታን፣ ሁለተኛው አክብሮትን ይነግራል። ችግሩ በወንዶቹ ላይ «ተመረጡ» ብሎ በሴቶቹ ላይ «ተመረጠች» ማለት ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ይህ ሲደረግ አንዱን አክብሮ ሌላዋን ዝቅ ማድረግ ይሆናል፤ ተማሪዎችዎም ያስተውሉታል። ተሳቢውም ይከተላል፤ «አፈ ጉባኤዋን ጠየቋቸው» እንጂ «ጠየቋት» አይሁን። በጥሪ ጊዜ «ክቡር አፈ ጉባኤ» ለወንድ፣ «ክብርት አፈ ጉባኤ» ለሴት ነው። «ክቡርት» የሁለቱ ድብልቅ ነውና አይጻፍ፤ ለጥሪም «ክቡር አፈ ጉባኤው» ተብሎ «ው» አይጨመርም።

እዚህ ላይ አንድ የእውነት ጥንቃቄ አለ። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሙፈሪያት ካሚል» የሚል ጽሑፍ ብዙ ቦታ ይታያል። ምክር ቤቱ ካልተጠቀሰ ስህተት ነው። ወይዘሮ ሙፈሪያት በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሲመረጡ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ግን ከ1987 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት የመሩት ወይዘሮ አልማዝ ሜኮ ነበሩ። የምክር ቤቱን ስም በየስሙ አጠገብ ይጻፉ፤ «የፓርላማ አፈ ጉባኤ» ብቻ ብሎ መተው ሁለቱን ያደባልቃል።

ዓመቱን ከአውሮፓው ወደ እኛው ሲቀይሩም ሁሌ ስምንት አይቀንሱ። ወይዘሮ ሙፈሪያት የተመረጡትና ተተኪያቸው አቶ ታገሰ ጫፎ የተመረጡት በአንድ የአውሮፓ ዓመት፣ በ2018 ነው። በእኛ ግን የመጀመሪያው ሚያዝያ 2010፣ ሁለተኛው ጥቅምት 2011 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ግድም ላለው ቀን ሰባት ነው የሚቀንሱት። የተወካዮቹን ምክር ቤት በዚህ መሠረት እንዲህ ይጻፉት፤ ዳዊት ዮሐንስ ከ1987 እስከ 1998፣ ተሾመ ቶጋ ከ1998 እስከ 2003፣ አባዱላ ገመዳ ከ2003 እስከ 2010፣ ሙፈሪያት ካሚል ከሚያዝያ 2010 እስከ ጥቅምት 2011፣ ከዚያ ታገሰ ጫፎ።

ባልደረባዎ ሐረር ስላሉ፣ የአካባቢውን ምክር ቤቶች ከጨመራችሁ የሚገጥማችሁን ልጥቀስ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። ስለዚህ «የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አፈ ጉባኤ» ብሎ መጻፍ ግድ ይሆናል። ድግግሞሹ ጆሮ ይሻክራል፤ ስህተት ግን አይደለም፣ አንዱ የአካሉ ስም፣ ሌላው የሹመቱ ስም ነው። ለማሳመር ብለው «የሐረሪ ብሔራዊ አፈ ጉባኤ» ቢሉ ብሔራዊ የሆነው ጉባኤው መሆኑ ቀርቶ ሰውየው ይሆናል። በሁለተኛው ጥቅስ ላይ «የጉባኤው አፈ ጉባኤ» ማለት ይበቃል። ከ«የሐረሪ ክልል ምክር ቤት አፈ ጉባኤ» ጋርም አያምታቱት፤ ሹመቱ ሌላ ነው። ለድሬዳዋ ይህ ጣጣ የለም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተሩን ያገኘው አስተዳደር አንድ ምክር ቤት ስላለው «የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት አፈ ጉባኤ» ብለው ይጻፉ።