ሲዲው የጠፋበት ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ውጭ ሲሄድ አሮጌ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6400 ትቶልኝ ነበር። ዘንድሮ ልጄ ለትምህርቷ ስትጠይቀኝ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ብከፍተው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ያሳየኛል። ጥገና ቤት ብወስደው «ዋናው ሲዲ ከሌለዎት አይሆንም፣ ለመለዋወጫ ይሽጡት» አሉኝ። ሊኑክስ የሚባለው ያለ ሲዲው ይጫናል? የአባታችን ፎቶዎችም ውስጡ ነበሩ።
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ይጫናል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለሆነ የዊንዶውስ ሲዲም ቁልፍ ቁጥርም አይጠይቅም። ግን እመቤቴ፣ ፎቶዎቹ እስኪወጡ ድረስ ማንም ሰው «ኢንስቶል» (ጫን) የሚለውን እንዳይነካብዎት፤ ፎቶዎቹን ሊያጠፋቸው ይችላል። ያ ጽሑፍ የሚመጣው ዊንዶውሱ ሲበላሽ ብቻ አይደለም፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ ሲደክም ወይም ከመሰኪያው ሲላላም ይመጣል። ፎቶዎቹ እዚያው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ደህና ኮምፒውተር ያለው ዘመድ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ያውርድልዎ፤ «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለውን ቀለል ያለውን። 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ቢወርድ ይረክሳል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ሩፎስ በሚባል ፕሮግራም ይጻፋል። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይያዙ፤ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ፍላሹን ሰክተው ሲያበሩ፣ የዴል ምልክት ብቅ ሲል ኤፍ12ን ደጋግመው ይጫኑና ዩኤስቢን ይምረጡ። ሚንት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል። አሁን በስክሪኑ ላይ ዲስኩን ከፍተው ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ይገልብጡ። ቀጥሎ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው የዲስኩን ጤና ይዩ፤ ጆሮዎንም ወደ ኪቦርዱ ጠጋ ያድርጉ። ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ ከሰሙ ዲስኩ ሊሞት ነው። እኔ በአንድ ጓደኛዬ ቶሺባ ላይ ይህን ድምፅ ሰምቼ «ያረጀ ስለሆነ ነው» ብዬ ጫንኩለት። ሦስት ሳምንት አልቆየም። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ያነሣብኛል።

ዲስኩ ደህና ከሆነ ያኔ ይጫኑ። የላፕቶፑ ባትሪ ሳይሞት አይቀርም፤ መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ሥራው ከመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ የሰፈርዎ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ይምረጡ። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) 2 ጊጋ ከሆነ ሚንት ይነሣል እንጂ ብዙ ገጽ ሲከፈት ይንገዳገዳል። ያገለገለ ዲዲአር2 ራም ገዝተው 4 ቢያደርሱት ልጅዎ ታመሰግንዎታለች።

ዋይፋዩ ካልያዘ አይደንግጡ፣ ስልክዎን በገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን ያጋሩት። ቁም ሣጥን ውስጥ ስለከረመም ሰዓቱን የምትይዘው ሳንቲም የምታህለዋ ባትሪ አልቃ ይሆናል። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኙት ድረ ገጾቹ «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ ቀኑን ያስተካክሉ፣ ባትሪዋንም ያስቀይሩ።