የሳቲን ባሌት ጫማ ሲቆሽሽ

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ባሌት ትማራለች። በጣት ጫፍ የሚቆምበትን የሳቲን ጫማ፣ ፖይንት የሚሉትን፣ ገዛንላት። ወር ሳይሞላው አፍንጫው ጠቆረ። ማሽን ውስጥ ልክተተው?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አደራ፣ እንዳትከቺው! አብዛኛው የፖይንት ጫማ አፍንጫው የሚጠነክረው በተደራረበ ጨርቅና ወረቀት ላይ በተቀባ ሙጫ ነው። ውሃ ከገባው ሙጫው ይላላል። ልጅሽን ጣቷ ላይ የሚያቆማት ደግሞ እሱ ነው።

ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥሩ አድርገሽ ጭመቂው። ለስላሳ ሳሙና ጠብ አድርጊበት። እድፉን መታ መታ አድርጊው እንጂ አትፈትጊው፤ የሳቲን ክር ቶሎ ይነሳል። መጀመሪያ ተረከዙ ጋ ሞክሪው። በረኪና በጭራሽ! ለመድረክ ከሆነ ብዙ ዳንሰኞች ካላሚን ሎሽን፣ ለቆዳ ማሳከክ የሚቀባውን ሮዝ ፈሳሽ፣ በስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡታል። እድፉን ይሸፍናል፣ የሳቲኑንም ብልጭልጭታ ያበርዳል።

እኔን ግን ከእድፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ላቡ ነው። የዳንስ ልብስና ጫማ እጠግናለሁ፤ እጄ የሚገቡት ጫማዎች ብዙዎቹ ያለቁት ከውስጥ ነው። ከልምምድ በኋላ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታፍነው ያድራሉ። የጣት መሸፈኛውን አውጥታ ጫማውን አየር ላይ ታንጠልጥለው። ፀሐይና ማሞቂያ አይሆንም። አቅም ከፈቀደ ሁለት ጥንድ ይኑራትና እያፈራረቀች ታድርግ።

ጫፉ ላይ ሳቲኑ ቢቀደድ አትደንግጪ። እንዳያንሸራትታቸው ብለው ራሳቸው የሚቆርጡት ዳንሰኞችም አሉ። አፍንጫው ከለሰለሰ ወይም ሶሉ ከላላ ግን፣ ውጪው ቢያምርም፣ ለአስተማሪዋ ታሳይ።